ቪኜት፤ ከኅዳግ የበቀለ ቃል

የሠርግ ፎቶ የሚያርሙ ወጣቶች «ትንሽ ቪኜት ጨምርበት» ሲባባሉ የሚያወሩት ስለ ጨለማ ነው። የፎቶው አራት ማዕዘኖች ጠቆር ይደረጉና ዓይን ወደ መሐል፣ ወደ ሙሽራዋ ፊት ይሳባል። የመጽሐፍ ጌጥ የሚያጠና ሰው ቪኜት ሲል ግን ክፈፍ የሌላትን፣ በምዕራፍ ራስጌ ወይም ግርጌ የምትቀመጥ ትንሽ ሥዕል ማለቱ ነው። ቴምብር ሰብሳቢ የቴምብሩን የመሐል ምስል፣ ደራሲ ከአንድ ገጽ ብዙም የማታልፍ አጭር ትረካን ቪኜት ይላሉ። ስዊዘርላንድ ውስጥ መኪና የሚነዳ ኢትዮጵያዊ ደግሞ በመስታወቱ ላይ የሚለጥፈውን የአውራ ጎዳና ክፍያ ምልክት በዚሁ ስም ያውቀዋል። አንድ ቃል ከባለሙያ ባለሙያ እንዲህ ሲለያይ፣ ሥረ መሠረታቸው የተለያየ ቃላት በድምፅ ገጥመው ይሆን ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። እዚህ ላይ ግን ሥሩ አንድ ነው፤ ወይን ነው።

ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው። «ቪኝ» የወይን ተክል ነው፤ የወይን እርሻም ይባልበታል። በመጨረሻው ላይ የተቀጠለችው «ኤት» ነገርን ታሳንሳለች። ካሴት በትውልዱ «ትንሽ ሣጥን» እንደሆነ ሁሉ ቪኜትም «ትንሽ የወይን ተክል» ማለት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ጂ እና ኤን ተከታትለው ስለሚታዩ «ቪግኔት» ብለው የሚያነቡት አሉ። ፈረንሳይኛ ሁለቱን ፊደሎች አዋሕዶ የሚያነባቸው ልክ እንደ እኛ «ኝ» ነው። ሻምፓኝና ኮኛክ ወደ አማርኛ የገቡት በዚሁ አነባበብ ነውና ቪኜትም እንደ እነሱ ቢነበብ ትክክል ነው።

ከቪኝ አልፈን ወደ ኋላ ስንሄድ የላቲኑን «ቪኔያ» እናገኛለን፤ እሱም «ቪኑም» ከሚለው የወይን ጠጅ ስም የወጣ ነው። እንግዲህ ቪኑምን ከግሪኩ «ኦይኖስ»፣ ከዕብራይስጡ «ያይን»፣ ከጆርጂያው «ግቪኖ» እና ከግእዙ «ወይን» ጎን አቁማችሁ አንብቧቸው። ዝምድናው ለጆሮ ይሰማል። ስሙ ከየትኛው ቋንቋ ተነሥቶ ወደየትኛው እንደ ተሻገረ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ። ከተክሉና ከመጠጡ ጋር ከአገር አገር የዞረ አንድ ጥንታዊ ስም እንዳለ ግን ብዙዎቹ ይስማማሉ። ስለዚህ ቪኜት ለአማርኛ ሙሉ በሙሉ ባዕድ አይደለም። መነሻው ላይ ያለችው ድምፅ በየቤታችን የምንጠራት ወይን ናት።

ትንሽ የወይን ተክል ከሥዕልና ከመጽሐፍ ጋር የተገናኘው በብራና ላይ ነው። በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ከተሠሩት የጸሎት መጻሕፍት አንዱን ገልጦ ያየ ሰው ስሙ ከየት እንደ መጣ ሳይነገረው ይገባዋል። የአንቀጹ የመጀመሪያ ፊደል በሰማያዊ፣ በቀይና በወርቅ ጎልቶ ተስሏል። ከፊደሉ ጥግ አንድ ግንድ ይወጣል፤ በጽሑፉ ግራ በኩል ሽቅብም ቁልቁልም ይዘረጋል፤ ጥግ ሲደርስ ይታጠፍና የላይኛውንና የታችኛውን ኅዳግ ይይዛል። ከግንዱ ደግሞ ፀጉር የሚያካክሉ የቀለም መስመሮች እየተጠቀለሉ ይወጣሉ። በየመስመሩ ጫፍ ሦስት ሹል ያላት የወርቅ ቅጠል አለች፤ ገጹን ዘንበል ሲያደርጉት ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ያበራሉ። ጽሑፉን የሚጽፈው አንድ ባለሙያ፣ ቅጠሉን የሚሠራው ሌላ ነበር። ቅጠሏን ተክል የሚያውቅ ሰው ቢያያት የወይን ናት ብሎ ላይምል ይችላል። ስሙን ያሰጠው ግን የአካሄዱ ነገር ነው፤ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ባዶ ቦታ ሁሉ ላይ መውጣቱ። ድንጋይ ጠራቢዎችም በአብያተ ክርስቲያናት ዓምድ ራስና በግድግዳ ጠርዝ ላይ የሚቀርጹት ተመሳሳይ የቅጠል ጌጥ በዚሁ ስም ተጠርቷል።

እንግዲህ ወደ እኛ ብራና እንመለስ። በግእዝ መጻሕፍት ውስጥ የወንጌል መጀመሪያ ወይም የአዲስ ክፍል ራስጌ ላይ የሚሳለው የተጠላለፈ ጌጥ ስሙ «ሐረግ» ነው። ሐረግ ማለት ደግሞ በራሱ መቆም የማይችል፣ አጥርና ዛፍ ይዞ የሚወጣ ተክል ነው። በአጥር ላይ ነጭ አበባውን የሚያፈሰውን የአዞ ሐረግ የሚያውቅ ሰው ስሙ ለምን ለጌጡ እንደ ተሰጠ አይጠፋውም። የፓሪሱ ባለ ቅጠልና የእኛ ባለ ብራና አንዱ ከሌላው ሳይኮርጅ የገጽ ጌጥን ያዩት በአንድ ዓይን ነው፤ ሁለቱም የሚወጣና የሚጠማዘዝ ተክል አዩበት። ግእዝማ ከዚያም አልፎ ሁለቱን ቃላት አጋጥሟቸዋል። «ሐረገ ወይን» የወይን ሐረግ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ዜማ የእመቤታችን መጠሪያ ነው፤ ለሴት ልጅም ስም ሆኖ ይወጣል። ሐረገወይን የምትባል ሴት በዘመድ፣ በጎረቤት ወይም በሥራ ባልደረባ መካከል የማያውቅ ሐበሻ ጥቂት ነው። ቪኜት የሚለውን ቃል ፍቺውን ጠብቆ ወደ ግእዝ የሚመልስ ሰው ከዚህ ስም የተሻለ አያገኝም።

መመሳሰሉ ግን ልዩነቱን እንዳይሸፍንብን። የፓሪሱ ጌጥ ጽሑፉን ከጎን ተነሥቶ ይከባል። ሐረግ ግን ከላይ ይሸፍነዋል፤ ከዚያም ጽሑፉ በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ የተጻፈ ከሆነ በዓምዶቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ቁልቁል ይወርዳል። የፓሪሱ ቅጠል አለው፤ የእኛው ብዙ ጊዜ ቅጠል የለውም። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ጥብጣቦች አንዱ በሌላው ላይ፣ ሌላው በአንዱ ሥር እያለፉ ይጎነጎናሉ። በምሥራቅ ትግራይ ባለው በጉንዳ ጉንዴ ገዳም ስም የሚጠሩት የ15ኛውና የ16ኛው ክፍለ ዘመን መጻሕፍት በዚህ ይታወቃሉ። ከእነሱ መካከል አንድ ወንጌል ዛሬ በአሜሪካ፣ ባልቲሞር በሚገኘው ዋልተርስ ሙዚየም ይገኛል። አንዱን ጥብጣብ በጣት ለመከተል የሞከረ ሰው ሠዓሊው ማለፊያውንና ማግቢያውን የት ቦታ ላይ እንደ ቆጠረ ያስተውላል፤ ጥብጣቡ ባንድ ቦታ ከላይ ካለፈ በሚቀጥለው መገናኛ ከሥር ያልፋል፤ ይህ ሕግ ከተፋለሰ ጉንጉኑ ይፈታል። ይህን ያህል ስሌት የሚጠይቅ ሥራ «ማስዋቢያ» እየተባለ ከሥዕሉ በታች መቆጠሩ አግባብ አይመስለኝም።

ሁለቱ ቃላት ከዚህ በኋላ የሄዱበት መንገድ ለየቅል ነው። ሐረግ በአማርኛ የዘር ሐረግ ሆነ፤ በሰዋስው ደግሞ ዐረፍተ ነገር የማይሞላ የተያያዘ የቃላት ስብስብ ስም ሆነ። አማርኛ ከተክሉ የወሰደው መያያዝን፣ አንዱ ከሌላው መቀጠሉን ነው። ፈረንሳይኛ የወሰደው ዳር መያዙንና ትንሽነቱን ነው። ቪኜት ከዚያ በኋላ የገባበትን ሁሉ የሚያስረዳው ይህ ነው።

የማተሚያ መኪና ሲመጣ ወይኑ ወዲያው አልጠፋም። ኤርሃርት ራትዶልት የተባለ ጀርመናዊ አታሚ በቬኒስ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1482 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ያሳተመው የኤውክሊድ የጂኦሜትሪ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጹን በሦስት በኩል የሚከብበው በጥቁር መደብ ላይ የተቀረጸ ነጭ የወይን ሐረግ ነው። ቀስ በቀስ ግን አታሚዎች ኅዳጉን ባዶ መተው ጀመሩ። ጌጡ ወደ ርዕስ ገጽ፣ ወደ ምዕራፍ ራስጌና ወደ ምዕራፍ ማብቂያ ተሰበሰበ። እዚያ ደግሞ ቅጠል ብቻ አልቀረም፤ የአበባ ጉንጉን፣ ሕፃናት፣ ፏፏቴ፣ የገጠር መንደር ገባበት። ሰዎች ስሙን ከወይኑ ላይ አላቅቀው ለቦታው ሰጡት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ እንደ ኤይዘንና ሾፋር ያሉ ባለሙያዎች በመዳብ ላይ እየቀረጹ ለግጥምና ለተረት መጻሕፍት የሠሯቸው ትንንሽ ሥዕሎች ቪኜት ሲባሉ አንድ የወይን ቅጠል ላይኖርባቸው ይችል ነበር።

የቃሉ ፍቺ የተገለበጠው ግን እንግሊዝ አገር፣ ኒውካስል ከተማ ውስጥ በሚሠራ አንድ ሰው እጅ ነው ብዬ አምናለሁ። ቶማስ ቢዊክ (1753–1828) እንጨት ቀራጭ ነበር። የመዳብ ቅርጽ ለብቻው በሌላ መኪና መታተም ነበረበት፤ ስለዚህ ሥዕልና ጽሑፍ በአንድ ገጽ ላይ ማዋል ወጪና ድካም ነበረው። የእንጨት ቅርጽ ግን ከእርሳስ ፊደሉ ጋር እኩል ቁመት ካለው በአንድ ላይ ይደረደራል፤ በአንድ ላይ ቀለም ይቀባል፤ ባንድ ጊዜ ይታተማል። ቢዊክ የመረጠው ቦክስዉድ የሚባለውን እጅግ ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ነው። እንጨቱን በቁመቱ ሳይሆን ግንዱ በአግድም በተቆረጠበት ፊቱ ላይ ነው የሚቀርጸው፤ ይህ ፊት ጭረት ስለሌለው ስሉ ብረት ወደፈለገበት ይሄድለታል። የቦክስዉድ ግንድ ቀጭን በመሆኑ ቅርጹ በግድ ትንሽ ነው፤ አንዳንዱ ከመዳፍ ያንሳል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ቢዊክ ለሥዕሉ ክፈፍ አላበጀለትም። የእንጨቱን ዳርና ሩቅ የሚመስለውን ክፍል በመጠኑ ፈቅፍቆ ዝቅ ያደርገዋል፤ ዝቅ ያለው ክፍል የማተሚያው ክብደት በደንብ ስለማያርፍበት ቀለሙን ሳሳ አድርጎ ያትማል። ሩቁ ኮረብታ ግራጫ ይሆናል፤ የፊቱ ሣር ቁጥር በሌላቸው አጫጭር ጭረቶች ወደ ወረቀቱ ንጣት ይገባና ያልቃል። ሥዕሉ የት ላይ እንዳበቃ ዓይን መለየት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1797 እና በ1804 በሁለት ቅጽ በወጣው የብሪታንያ ወፎች መጽሐፉ ውስጥ የየወፉ ገለጻ ካበቃ በኋላ በተረፈችው ባዶ ቦታ ላይ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ሥዕሎች ተቀምጠዋል። ብዙዎች ከወፎቹ ይልቅ የወደዱት እነሱን ነው። በአንዷ ላይ አንድ ገበሬ የድልድይ ቀረጥ ላለመክፈል ሲል የላሙን ጅራት ይዞ ወንዙን በእግሩ ይሻገራል፤ ነፋስ ባርኔጣውን ወስዶታል። ሙሉ ታሪክ ነው፤ ከጣት ርዝመት ብዙም አያልፍም። ሻርሎት ብሮንቴ በ1847 ባሳተመችው «ጄን ኤር» ልቦለድ መክፈቻ ላይ ልጅቷ ጄን በመስኮት መቀመጫ ላይ ተሸሽጋ የምታየው ይህንኑ የቢዊክ መጽሐፍ ነው፤ ሥዕሎቹንም የምትጠራቸው ቪኜት ብላ ነው። እንግዲህ አስቡት። ጽሑፍን ለመክበብ የተፈጠረ የክፈፍ ስም፣ አሁን ክፈፍ የሌለው ሥዕል ስም ሆነ።

የሥዕል ታላቁ ሰው ተርነርም ይህን መንገድ ይዞ ለሳሙኤል ሮጀርስ «ኢታሊ» የግጥም መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1830 የወጡ ቪኜቶችን ሣለ፤ እነሱ ደግሞ በብረት ሰሌዳ ተቀርጸው ነበር። ኋላ የሥነ ጥበብ ሐያሲ የሆነው ጆን ራስኪን በ13 ዓመት ልደቱ ይህን መጽሐፍ በስጦታ አግኝቶ ዕድሜውን ሙሉ የተርነር ተሟጋች ሆኗል።

ፎቶግራፍ ሲመጣ የፎቶ ባለሙያዎች የወሰዱት ይህንኑ በዳሩ የሚሟሟ ሥዕል ነው። በ1850ዎቹ፣ በተለይም ዲስዴሪ የተባለው ፈረንሳዊ በ1854 ካርት ደ ቪዚት የሚባለውን ትንሽ ፎቶ በስሙ ካስመዘገበ በኋላ፣ የቁም ምስል ለብዙ ሰው አቅም ቀረበ። ባለሙያው ካርቶን ወስዶ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ቀዳዳ ይበሳል፤ ጠርዙን እንደ መጋዝ ጥርስ ይቆርጠዋል ወይም ስስ ወረቀት ያለብሰዋል፤ ከኔጋቲቩ በላይ ትንሽ ከፍ አድርጎ ያስቀምጠውና ፀሐይ ላይ ያወጣዋል። ብርሃኑ በቀዳዳው በኩል ፊትና ትከሻን ያትማል፤ በካርቶኑ የተሸፈነው የዙሪያ ወረቀት ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው እየሳሳ ይሄዳል። ውጤቱ ከወረቀቱ ንጣት ውስጥ የወጣ የሚመስል ፊት ነው። የመጀመሪያው የፎቶ ቪኜት ነጭ ነበር፤ የዛሬው ጥቁር ነው።

ወደ ጥቁር የቀየሩት የሌንስ ባለሙያዎች ናቸው። ማንኛውም ሌንስ ከመሐሉ ይልቅ ለዳሩ የሚያደርሰው ብርሃን ያነሰ ነው፤ ሥዕሉም ወደ ጠርዙ ሲሄድ ስለሚጠፋ ይህ ጉድለት የቢዊክ ሥዕሎችን ስም ወረሰ። መንስኤው አንድ አይደለም። ረዥም የሌንስ ኮፍያ ወይም የተደራረበ ፊልተር በሌንሱ ፊት ቆሞ ጥጉን ይጋርዳል። የሌንሱ ቱቦ ራሱም በጎን የሚመጣውን ብርሃን ይቆርጣል። ይህንን ማየት ቀላል ነው፤ አፐርቸሩ (የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳው) ሙሉ በሙሉ የተከፈተ ሌንስ አንሡና ወደ ብርሃን ይዛችሁ ከፊት ለፊት እዩት፤ ቀዳዳው ክብ ነው። አሁን ሌንሱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጉት፤ ክቡ በሁለቱም በኩል ተበልቶ የድመት ዓይን ይመስላል። የተበላው ብርሃን ነው ከፎቶው ጥግ የጎደለው። አፐርቸሩን ሁለት ሦስት ደረጃ (ስቶፕ) ስታጠቡት ትንሹ ቀዳዳ ከቱቦው ጠርዝ ስለሚርቅ ጥጉ ይበራል። ሦስተኛው መንስኤ ግን በአፐርቸር አይፈታም፤ የጂኦሜትሪ ነውና። በተራ ሌንስ ላይ በ30 ዲግሪ አዘንብሎ የሚደርሰው ብርሃን ከመሐሉ 56 በመቶ ያህል ነው፤ በ45 ዲግሪ ሲሆን ወደ 25 በመቶ ይወርዳል።

መሐንዲሶች ይህን ጉድለት ለማጥፋት ብዙ ደክመዋል፤ የዛሬ ካሜራዎች ፎቶው ከመቀመጡ በፊት ራሳቸው ያርሙታል። በዚያው ዘመን ደግሞ ሰው ጉድለቱን ወደደው። በ1982 ሆንግ ኮንግ ውስጥ የወጣው ሆልጋ የተባለ የፕላስቲክ ካሜራና በ1984 ሶቭየት ኅብረት ያወጣችው ሎሞ ኤልሲ-ኤ ጥጋቸው የጠቆረ ፎቶ በማንሣታቸው ተወዳጅ ሆኑ፤ በ2010 የተጀመረው ኢንስታግራምም ጥቁረቱን በፊልተር አድርጎ ለስልክ አደለው። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ የቪኜት መቆጣጠሪያው ወደ አንድ ጎን ሲሳብ ጥጉን ያጠቁራል፤ ወደ ሌላው ሲሳብ ያነጣል። የቃሉ ሁለት ዘመናት በአንድ መስመር ላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው። በአልበሞቻችን ላይ የማየው ግን አንዱን ጎን ብቻ ነው፤ እሱም ከልክ ባለፈ። ተመልካች ጥቁረቱን ካስተዋለ ቪኜቱ በዝቷል።

የቀሩትን ፍቺዎች ከዚህ በኋላ ማየት አያስቸግርም። በቴምብር ላይ የመሐሉ ምስል ቪኜት፣ ዙሪያው ክፈፍ ይባላሉ። ይህ ልዩነት ስንት እንደሚያወጣ በ1918 አሜሪካ ባወጣችው የ24 ሳንቲም የአየር መልእክት ቴምብር ታይቷል። ቀዩ ክፈፍና ሰማያዊው አውሮፕላን በተለያየ ጊዜ ሲታተሙ አንድ ባለ 100 ቴምብር ወረቀት አውሮፕላኑ ተገልብጦበት ወጣ፤ እነዚያ ቴምብሮች ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ ከሚፈለጉት መካከል ናቸው። በምስል ካጌጠች ትንሽ ቴምብርና ከዕቃ ላይ መለያ ተነሥቶ ደግሞ ቪኜት በፈረንሳይኛ ማንኛዋም የክፍያ ተለጣፊ ሆነች፤ ፈረንሳይ ከ1956 ጀምሮ የመኪና ግብርን በዚህ ስም ሰበሰበች፤ ስዊዘርላንድ ከ1985፣ ኦስትሪያ ከ1997 አንሥቶ ለአውራ ጎዳናቸው ይጠቀሙበታል።

በሥነ ጽሑፍ ቪኜት የሚባለው ጅማሬና ፍጻሜ ያልታጠረበት፣ አንድ ሰው ወይም አንድ አፍታ ብቻ የሚያሳይ አጭር ጽሑፍ ነው። ሄሚንግዌይ በ1924 ፓሪስ ውስጥ ያሳተማት ትንሽ መጽሐፍ በእንዲህ ያሉ 18 ቁራጮች የተሠራች ናት፤ ሳንድራ ሲስኔሮስም በ1984 ያወጣችውን «ዘ ሃውስ ኦን ማንጎ ስትሪት»ን የገነባችው በዚሁ መንገድ ነው። አማርኛ ለዚህ የውጭ ስም መበደር አያስፈልገውም። ወግ የምንለው ዘርፍ ሥራውን ይሠራል፤ መስፍን ሀብተማርያም የወጎቹን መድበል «የቡና ቤት ሥዕሎች» ብሎ ሲሰይም ጽሑፍንና ትንሽ ሥዕልን ያጋጠመው ፈረንሳይኛን ሳይጠይቅ ነው።

ለፎቶው ጥግ መጥቆር ቪኜት ይቆይ፤ ባለሙያው ለምዶታል፤ ቃሉም የተወለደው ከዚያ ሙያ ጋር ባይሆንም አድጎበታል። በመጽሐፍ ራስጌና ግርጌ ለሚቀመጠው ጌጥ ግን ስም አለን። መጽሐፍ የምታዘጋጁ፣ ገጽ የምታቀናብሩ ወገኖቼ፣ ከኮምፒውተር ላይ የተገኘ የአበባ መስመር ከመለጠፋችሁ በፊት አንድ የብራና መጽሐፍ ገልጣችሁ ሐረጉን እዩት፤ ስትሠሩትም ስትጠሩትም ሐረግ በሉት።